ዝዋይ ሐይቅ ዳር አትክልት ስንረጭ ዓሣውና ወፉ እንዳይጎዳ ከየት እንጀምር?

ደንበል ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ለሚያመርቱ የመስኖ ማኅበር አባላት አንድ ገጽ የርጭት መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ማሳዎቹ አብዛኞቹ ሩብ ሩብ ሄክታር ናቸው፤ ከውሃው ጠርዝ ከ60 እስከ 200 ሜትር ይርቃሉ። ውሃ የሚሳበው በሞተር ነው፣ ርጭቱ ደግሞ በ20 ሊትር የጀርባ መርጫ። በብዛት የሚረጨው ካራቴ 5 ፐርሰንትና ሴሌክሮን (የተባይ መግደያዎች) እና ማንኮዜብ (የሻጋታ በሽታ መከላከያ) ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሁሉንም በአንዴ ማስተካከል ስለማይቻል ቅድሚያ የሚሰጠው የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ ቦዩ ውስጥ ወይም ሐይቁ ጠርዝ የሞተ ዓሣ ሲታይ አንዱ ኬሚካል ነው ይላል፣ ሌላው ውሃው ታፍኖ ነው ይላል፤ በምን ይለያል? ሦስተኛ፣ በኬሚካሉ ፋንታ ኒም ወይም ብርብራ ብንጠቀም ለዓሣው ይሻላል ወይ? «ከሐይቁ ራቁ» የሚለውን ምክር ሁሉም ሰምቶታል። እኛ የምንፈልገው ገበሬው ነገ ጠዋት ሊሠራው የሚችለውን ነው።

ዕፅዋት ጥበቃ
ሰላም ወንድሜ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፦ ከማሳው ሳይሆን ከመበጥበጫውና ከማጠቢያው ቦታ ጀምሩ። ማሳ ላይ የተረጨው በቅጠልና በአፈር ላይ ተበትኖ ይቀራል፤ ሲታጠብም ጥቂት በጥቂት ነው። ውሃ ዳር ላይ የሚደፋው ግን ያልተበረዘ ወይም ብዙም ያልተበረዘ ነው፣ በቀጥታም ውሃ ውስጥ ይገባል። ውሃ ለመቅዳት ስለሚቀል መርጫው የሚሞላውም የሚታጠበውም ቦዩ አፍ ላይ ነው፤ ጠርሙሱም እዚያው ይወረወራል።

በቁጥር ላሳያችሁ። ካራቴ 5 ፐርሰንት በሊትር 50 ግራም ላምዳ ሳይሃሎትሪን ይዟል። ስለዚህ 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም አለ። ይህ ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለእሱ ስስ የሆኑ የዓሣ ዓይነቶችን በአራት ቀን ውስጥ ግማሹን የሚገድለው በሊትር ወደ 0.2 ማይክሮ ግራም ሲደርስ ነው። ስታካፍሉት 1 ሚሊ ሊትር ካራቴ 250 ሜትር ኩብ ውሃ እዚያ መጠን ላይ ያደርሳል። ስፋቱ 1 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ከሆነ 500 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ያልታጠበ ጠርሙስ ስር 5 ሚሊ ሊትር ቢቀር አምስት እጥፍ ነው። እርግጥ ሐይቁ ውስጥ ጭቃውና ዕፅዋቱ ብዙውን ስለሚይዙት ጉዳቱ ከዚህ ስሌት ያንሳል፤ ግን የጫጩት ዓሣው መዋያ ያ ጭቃና ያ ዕፅዋት ራሱ ነው። ሴሌክሮን በግራም ሲመዘን ለዓሣ ከካራቴ በብዙ እጥፍ ያነሰ መርዝ ነው፤ ነገር ግን በሊትር 720 ግራም ስለሚይዝ የጠርሙስ ቅሪቱን እንደ ቀላል አትዩት።

ስለዚህ የመመሪያችሁ የመጀመሪያ መስመር ይህ ይሁን፦ መበጥበጫው ከውሃው ቢያንስ 50 ሜትር የራቀ፣ ጎርፍ የማይሄድበት ደልዳላ ቦታ ይሁን፤ ውሃው በጄሪካን ወደዚያ ይሂድ እንጂ መርጫው ወደ ውሃው አይሂድ። መርጫውን ቦይ ውስጥ ነክሮ መሙላት ጨርሶ ይቅር። ክዳኑና ማሰሪያው ላይ የደረቀው ኬሚካል ወዲያው ታጥቦ ቦዩ ውስጥ ይገባልና።

ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን መርጫው አፍ ላይ ገልብጣችሁ 30 ሰከንድ ያህል አንጠፍጥፉት። ሩቡን ያህል ውሃ ጨምራችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ 30 ሰከንድ በደንብ ናጡት፤ ውሃውን መርጫው ውስጥ ጨምሩት። ይህን ሦስት ጊዜ። ዋናው ነገር እጥበቱ የሚደረገው መርጫው ገና እየተሞላ ሳለ መሆኑ ነው፤ ያኔ እጣቢው ራሱ ተረጭቶ ያልቃል። ርጭት ካለቀ በኋላ ጠርሙስ የሚያጥብ ሰው እጣቢውን የሚጥልበት ቦታ ያጣል፣ መጨረሻው ቦዩ ነው። ከዚያ ጠርሙሱን ስሩን ብሱት፤ ካልተበሳ ለዘይትና ለውሃ መያዣ ይወሰዳል።

ሁለተኛው መስመር የመርጫውን ልክ ማወቅ ነው። ኬሚካል የሚተርፈው በግምት ስለሚበጠበጥ ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር ለኩ፣ መርጫው ውስጥ የታወቀ መጠን ንጹሕ ውሃ አድርጉ፣ እንደ ሁልጊዜው እርምጃ እየሄዳችሁ እርጩና ስንት ሊትር እንደጎደለ ለኩ። 3 ሊትር ከሄደ በሄክታር 300 ሊትር ነው፤ ለሩብ ሄክታር 75 ሊትር፤ ማለትም ሦስት ሙሉ መርጫና አንድ 15 ሊትር። የጠርሙሱ መለያ ለምሳሌ በሄክታር 400 ሚሊ ሊትር ቢል ለሩቡ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሙሉ መርጫ ወደ 27፣ ለመጨረሻው 20 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ኖዝሉ (የመርጫው አፍ) ሲያረጅ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ይህ ልኬት በየወቅቱ ይደገም። በቆርኪ መለካትም ይቅር፤ የቆርኪ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙና ለሌላ ሥራ እንዳይውል ቀለም ቀቡት።

ደንበል ዳር
በጣም አመሰግናለሁ። የጠርሙሱ ገባኝ። መርጫው ራሱ ሲታጠብ የሚወጣውስ? ጉድጓድ ቆፍረን እዚያ እንድፋው እንዳንል እኛ ጋ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ይገኛል።

ዕፅዋት ጥበቃ
ባዶ ጉድጓድ አትቆፍሩ፤ ኬሚካሉን ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ማቅረብ ነው የሚሆነው። ከሁሉ የሚቀድመው እጣቢውን ማሳው ላይ መጨረስ ነው። መርጫው ሲያልቅ 2 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ፣ አናውጣችሁ፣ በቱቦውና በኖዝሉ በኩል አስቀድሞ በተረጨው ሰብል ላይ እርጩት፤ ሁለት ጊዜ። አንድ ትልቅ እጥበት ከማድረግ ሁለት ትንንሽ እጥበት ይበልጣል፤ በየጊዜው ይበረዛልና። ሰብሉ ላይ የሚጨምረው መጠን ትንሽ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከማሳው ዳር ጥቂት መስመር በስሱ የተረጨ ማስቀረት ይቻላል።

ከውጭ ለሚታጠበውና መበጥበጫው ቦታ ለሚፈሰው ማጣሪያ አልጋ ሥሩ። ለአሥር አሥራ አምስት ገበሬ 2 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 70 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ታችና ጎኑ ላይ ያልተቀደደ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ፤ ላዩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ሸክላ አፈር። ከዚያ ድብልቁ ይገባል፦ በስፍር ግማሹ የተከተፈ ጭድ፣ ሩቡ የላይኛው ለም አፈር፣ ሩቡ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። አፈሩ ከራሳችሁ ማሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ኬሚካሉን የለመዱ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉበት። ሥራውን የሚሠራው ጭዱ ላይ የሚበቅለው ነጭ ሻጋታ ነው፤ የጭዱን ጠንካራ ክፍል የሚያፈርስበት ኃይል ኬሚካሉንም ያፈርሰዋል። ውሃ አርከፍክፋችሁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ካቆያችሁት በኋላ ነው ሥራ የሚጀምረው። ላዩ ላይ ሣር ይተከል።

ይህ አልጋ በሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ ዝናብ ነው፤ ጣራ ከሌለው ክረምት ላይ ሞልቶ ይፈሳል፣ ያጠራቀመውንም ይዞ ይሄዳል። ቆርቆሮ ባይገኝ የሣር ክዳንም ይሆናል፤ ዙሪያውንም ጎርፍ መመለሻ ክትር ያስፈልገዋል። ሌላው ድርቀት ነው፤ ሻጋታው ያለ እርጥበት አይኖርም። እፍኝ ድብልቅ ስትጨምቁት እጅን አርጥቦ ውሃ የማያንጠባጥብ ከሆነ ልክ ነው። ጭዱ እየበሰበሰ ስለሚሰጥም በየዓመቱ ሙሉት። እና ያልተበጠበጠ ኬሚካል አይደፋበትም፤ ሻጋታውን ራሱን ይገድለዋል።

አባ ዛፍ
የነፋሱን ነገር ማንም አላነሳም። ሐይቅ ዳር ነፋሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከረፋድ ጀምሮ ከውሃው ወደ መሬቱ ይነፍሳል፤ ሌሊትና ማለዳ መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ከመሬቱ ወደ ውሃው። ስለዚህ «ማለዳ እርጩ» የሚለው የተለመደ ምክር ሐይቅ ዳር ላለ ማሳ እንዳለ አይወሰድም። እንጨት ላይ ረዘም ያለ ክር አስሩ፤ ክሩ ወደ ሐይቁ ከጠቆመ ጠብቁ። ጭራሽ ነፋስ የሌለበት ማለዳም ይከዳል፦ የጎጆ ጭስ ወደ ላይ ሳይነሳ ተኝቶ ሲሄድ ካያችሁ ቀዝቃዛው አየር ከታች ታፍኗል ማለት ነውና ደቃቁ ጠብታ ሳይወርድ ርቆ ይሄዳል። ጥሩው ሰዓት ቀለል ያለ ነፋስ፣ ቅጠል የሚያንሿሿ ያህል፣ ከውሃው ወደ ማሳው ሲነፍስ ነው። ያ ሰዓት ግን ንብ የምትወጣበት ሊሆን ስለሚችል ሰብሉ ወይም ዳሩ ላይ ያለው አረም አበባ ላይ ከሆነ ርጭቱ ወደ ማምሻው ይዛወር።

ኖዝሉን ከሰብሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መያዝ፣ እጀታውን ከመጠን በላይ አለመጫን። ግፊቱ ሲበዛ ጠብታው ይደቃል፣ የደቀቀው ይበራል።

ስለ ዳርቻው ሣር፦ ፊላውንና ደንገሉን አትንኩት። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉንና ጫጩቱን እናቲቱ በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ ስትለቃቸው የሚጠለሉት እዚያ ጥልቀት የሌለው ዕፅዋት ውስጥ ነው። ፊላውን መንጥሮ እስከ ውሃው ድረስ ሽንኩርት መትከል ጫጩቱን ከነቤቱ ማጥፋት ነው። ከፊላው በላይ ደግሞ ቢያንስ 10 ሜትር የደሾ ወይም የቬቲቨር ሣር ይኑር። ቬቲቨር ስትተክሉ ችግኙ ከችግኝ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይራቅ፣ አለዚያ አጥር አይሠራም። ካራቴ አፈር ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ሣሩ ደለሉን ሲያስቀር ኬሚካሉንም ያስቀራል።

ብዙ ቦታ ሣሩ ተተክሎ ጥቅም የማይሰጠው ጎርፉ በአንድ ጠባብ መስመር ስለሚያልፍ ነው። ከሣሩ በላይ ውሃው ተጠራቅሞ አንድ ቦታ ይበሳና 10 ሜትሩን በደቂቃ ያቋርጠዋል። ከትልቅ ዝናብ በኋላ ሄዳችሁ እዩ፤ የተቦረቦረ መስመር ካለ በድንጋይ ክትር ዝጉትና ውሃው ወደ ጎን እንዲበተን አድርጉ። የመስኖው ፈሰስም እንዲሁ ነው፦ በተረጨ ማግስት የፈሰሱ ጫፍ ተከፍቶ ትርፍ ውሃው ወደ ሐይቁ ከሄደ የቀደመው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው። የፈሰሱን ጫፍ ዝጉ፣ ርጭትና መስኖን ቢያንስ ሁለት ቀን አራርቁ።

ዓሣና ውሃ
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። መጀመሪያ መታየት ያለበት አምባዛ የሚባለው ዓሣ ነው። አምባዛ ከውሃው ላይ ወጥቶ አየር መሳብ ይችላል፤ ቆሮሶ አይችልም። ኦክስጅን አልቆ ከሆነ ቆሮሶው ሲሞት አምባዛው ይተርፋል። ሁለቱም አንድ ላይ ከሞቱ የኦክስጅን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቀጥሎ ሰዓቱ። አልጌ የበዛበት ውሃ ቀን ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ይበላል፤ ዝቅተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ጎህ ሳይቀድ ነው። ዓሣው ማለዳ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ሲያለከልክ ታይቶ ፀሐይ ስትወጣ ከተመለሰ ኦክስጅን ነው። ያኔ ቀድመው የሚሞቱት ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ናቸው። መርዝ ሲሆን ሰዓት አይመርጥም፣ ትንንሾቹም አይቀሩም፤ ዓሣው ይሽከረከራል፣ በጎኑ ይዋኛል። እንደ ሴሌክሮን ባለ መርዝ የሞተ ዓሣ የጎን ክንፎቹ ወደ ፊት ተወጥረው፣ ጀርባውም ጎብጦ ሊገኝ ይችላል። ካራቴ ከሆነ ከዓሣው በፊት የውሃ ውስጥ ነፍሳት ያልቃሉ፤ በወንፊት ከዳር ያለውን ሣር ስር ጨልፉና የሚንቀሳቀስ ነገር መኖሩን እዩ። በሽታ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን አይጨርስም፤ ቀናት ወይም ሳምንታት ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓይነት ዓሣ ላይ ነው፣ ቁስል ይታያል።

የኦክስጅን መለኪያ ካገኛችሁ ጎህ ሲቀድ ለኩ። ከ2 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። እኩለ ቀን ላይ ተለክቶ «ኦክስጅኑ ደህና ነው» የሚል ሪፖርት ምንም አይነግራችሁም። እና ኦክስጅን ነው ማለት ሰው የለበትም ማለት አይደለም፤ አልጌውን የሚመግበው ከማሳ የሚታጠበው ዩሪያና ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ነው። ዝዋይ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው፤ የሚገባበትን የሚያቀጥንበት ጥልቀት የለውም። ዩሪያውን በአንዴ ከመበተን ከፋፍሎ ሰብሉ ስር መቅበር ለኪስም ለሐይቅም ይረዳል።

ናሙና። ቦይ ውስጥ መርዙ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል፤ ማስረጃው የሚጠፋው ባለሙያ እስኪመጣ ሲጠበቅ ነው። ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ አራት ንጹሕ ባለ አንድ ሊትር ቡናማ የመስታወት ጠርሙስ፣ የአሉሚኒየም ፎይልና የበረዶ ሣጥን ይኑር። ፕላስቲክ አይሆንም፤ ካራቴን የመሰለ ኬሚካል ግድግዳው ላይ ይጣበቅና ላቦራቶሪው የለም ይላል። አንድ ጠርሙስ ዓሣው ከሞተበት፣ አንድ ከእሱ በላይ፣ አንድ ከታች፤ እስከ አፉ ሙሉት። ከስሩም የላይኛውን 2 ሳንቲ ሜትር ጭቃ በፎይል ውሰዱ፤ ከውሃው ካለፈ በኋላም ጭቃው ውስጥ ይቆያል። ዓሣው በመሞት ላይ ያለ ወይም አሁን የሞተ ይሁን፤ የሸተተ ዓሣ አያገለግልም። ሁለት ሦስቱን በፎይል ጠቅልላችሁ ለኬሚካል ምርመራ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዙ፤ ሁለት ሦስቱን ደግሞ ሳይበርድ እንዳይበሰብስ፣ በረዶ ሆኖም እንዳይደርቅ በበረዶ መካከል አድርጋችሁ ለበሽታ ምርመራ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ባለፉት ሦስት ቀናት ማን ምን እንደረጨ ጻፉ፤ ፎቶ አንሱ። ቅርባችሁ ያለው የባቱ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው፤ ዋናው ብሔራዊ ማዕከል ሰበታ ነው። ቀድማችሁ ደውላችሁ ምን ዓይነት ምርመራ እንደሚቀበሉ ጠይቁ።

ያንን ዓሣ ማንም ለገበያ እንዳያወጣው፤ ይህ መመሪያው ላይ በደማቁ ይጻፍ።

ምንጩ ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ትልቅ ልቀት ከሆነ አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ። አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ቀኖቹ ስለሚቆጠሩ አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ የተቀበለው ሰው ፈርሞና ቀን ጽፎ ይስጣችሁ።

ዕፅዋት ጥበቃ
ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። ብርብራን ከመመሪያው አውጡት። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ተበትኖ ዓሣ ማስከሪያ ሆኖ የኖረ ነው፤ ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ነፍሳትን የሚገድልበት ባሕርይ ዓሣንም የሚገድልበት ነው። ከዛፍ መምጣቱ ለዓሣው ምንም አይለውጥለትም። ኒም ከካራቴ ጋር ሲነጻጸር ለዓሣ እጅግ ይሻላል፣ ፀሐይም ቶሎ ያፈርሰዋል፤ ቢሆንም እጣቢው ቦይ ውስጥ አይደፋም።

የቲማቲም ቅጠል ቦርቧሪው፣ ቱታ አብሶሉታ፣ ለካራቴ ርጭት መደጋገም ዋናው ምክንያት ነው። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚኖር ኬሚካሉ በደንብ አያገኘውም፤ ገበሬው «አልሠራም» ብሎ በሦስተኛው ቀን ይደግማል፣ ተባዩ ይላመዳል፣ ሐይቁም ድርሻውን ይወስዳል። የሽታ ወጥመድ ሰቅላችሁ ስንት ወንድ እሳት ራት እንደገባ በየሳምንቱ ቁጠሩ፤ የተቦረቦረ ቅጠል ለቅማችሁ በላስቲክ አሽጋችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ፤ ሲያስፈልግ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ (ትል የሚገድል ባክቴሪያ) ያለበትን መድኃኒት ትሉ ገና ሲፈለፈል እርጩ። ለዓሣ የሚያሰጋ አይደለም። ካደገ ትል ላይ ግን ደካማ ስለሆነ ጊዜው ካለፈ ኬሚካሉን ልትተኩበት አትችሉም። ሰብሉ ሲያልቅ ግንዱን ማሳ ላይ አትተዉት፤ የሚቀጥለውን ማሳ የሚያጠቃው ከዚያ ነው።

ወፍ ተመልካች
ወፎቹን ልጨምር። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡት ፔሊካኖች ሻላም አብጃታም ዓሣ ስለማይሰጣቸው ለምግብ ዝዋይ ድረስ ይመጣሉ። አባ ኮዳውና ዓሣ አዳኙ ንስርም እዚያው ናቸው። እነዚህ ወፎች የሚይዙት በቀላሉ የሚያዘውን ነው፤ ተመርዞ በጎኑ የሚዋኝ ዓሣ መጀመሪያ የሚነሳው በእነሱ ነው። ስለዚህ የሞተና የሚሞት ዓሣ ስታዩ ናሙና ከወሰዳችሁ በኋላ የቀረውን ሳይውል ሳያድር ሰብስባችሁ ቅበሩት፤ ከውሃ ርቆ፣ ውሻና ጅብ እንዳያወጣው ቢያንስ አንድ ሜትር ጥልቀት።

ሌላው የግሪሳ ወፍ ርጭት ነው። ስንዴና ማሽላ ላይ ግሪሳ ሲወርድ የማደሪያ ቦታው ላይ ፌንትዮን በምሽት ይረጫል። ፌንትዮን ለወፍ ከፍተኛ መርዝ ነው፤ ግሪሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያድረው ፊላ ውስጥ ወይም ውሃ አጠገብ ባለ ግራር ላይ ነው። የወደቀው ግሪሳ ለሚቀጥሉት ቀናት መሬት ላይ ይቆያል፤ ጭልፊቱም አባ ኮዳውም ሰውም ይለቅመዋል። ማኅበራችሁ ርጭቱን የሚወስን አካል ባይሆንም ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ ግሪሳው ከአንድ በላይ ማደሪያ ካለው ከውሃው የራቀው እንዲመረጥ፣ ፊላው ላይም እንዳይረጭ አስቀድሞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ። ሁለተኛ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ አሞራው ሳይነሳ፣ ጓንትና ጆንያ የያዘ ሰው ማሰማራት፤ ይህ ለሦስት ተከታታይ ማለዳዎች ይደገም፣ ሁሉም በመጀመሪያው ሌሊት አይሞትምና። ልጆች የወደቀውን ግሪሳ ጠብሰው እንዳይበሉ ትምህርት ቤቶች ከርጭቱ በፊት ይነገራቸው።

ደንበል ዳር
እግዚአብሔር ይስጥልን። ቅደም ተከተሉን በዚህ መልክ ልጽፈው ነው፦ መበጥበጫ ቦታና ጠርሙስ፣ መለኪያ፣ ነፋስ፣ ፈሰስና ሣር፣ ከዚያ የናሙናው ሣጥን። አንድ ነገር ብቻ፦ ሞተሩ ሐይቁ ጠርዝ ላይ ስለሚቆም ነዳጅና ዘይት ያንጠባጥባል፤ እሱስ?

አባ ዛፍ
ከሞተሩ ስር ጎድጎድ ያለ የቆርቆሮ ዝርግ አድርጉና አሸዋ ሙሉበት፤ አሸዋው ሲጠቁር ይለወጥ፣ የወጣውም ከውሃው ርቆ ይቀመጥ። ነዳጅ ከጄሪካኑ በቀጥታ ሳይሆን በሾጣጣ ማፍሰሻ (ፈነል) ይሞላ፣ ሞተሩም ጠፍቶ። የተቀየረ ዘይት በጄሪካን ተጠራቅሞ ወደ ጋራዥ ይመለስ። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ወንፊት እሰሩ፤ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ሰፋ ያለ ቅርጫት መሳይ ይሁን። ቅርጫቱ ራሱ ትንሽ ከሆነ ውሃው በኃይል ስለሚሳብ ጫጩቱ ይጣበቅበታል፤ ሰፊ ሲሆን መሳቡ ይለዝብና ዋኝቶ ያመልጣል።